በሩን የዘጋው መኪና

የእሳት አደጋ አለቃው በሆስፒታሉ ኮሪደር ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳሉ። ጭስ የጠጣ ካፖርታቸውን እንኳ አላወለቁም። ከቀዶ ጥገናው በር በስተጀርባ የተኛው ልጃቸው ነው፤ የወለዱት ሳይሆን እሳት መግባት ያስተማሩት። የሚነድ መጋዘን ምሰሶ እጁ ላይ ወድቆበታል።

አንዲት የአምቡላንስ ነርስ ባዶ ቃሬዛ እየገፋች ብቅ አለች። ቀና ቢሉ የእህታቸው ልጅ ናት።

«አጎቴ! ይቀመጡ እንጂ፤ ወለሉን ጨረሱት እኮ።»

«ምን መቀመጥ አለ! እናንተ ነጭ ለባሾች ብትፈጥኑ እዚህ ምን ያቆመኝ ነበር?»

«እኛማ ደርሰን ነበር። መኪናችሁ ግን የመጋዘኑን በር ዘግቶ ቆሞ ነበር። ሾፌራችን እናንተን አይቶ ‹ውሃ ቀጂዎቹ ራሳቸው ይጥሩን፤ እኛ ለማኝ ነን?› ብሎ ሞተሩን አጠፋ።»

«አንቺስ?»

ዐይኗን ሰበር አደረገች። «እኔም አብሬ ሳቅሁ።»

አለቃው መንጎራደዱን ተዉ። ቀድሞ የደረሰ በሩን ይያዝ ብለው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ልጁ ሲወድቅም ባልደረቦቹ አምቡላንሱን ደጅ እያዩት፣ በሬዲዮ የጮኹት ወደ ገዛ ጣቢያቸው ነበር።

«የኛ ቤት ደንብ ነው» አሉ። «ይህን ካፖርት ያልለበሰ ሰው እሳት ውስጥ ተከትሎኝ አይገባም።»

«አይገባም። ሲወጡ የሚቀበልዎት ግን እሱ ነው። አብረን እንለማመድ ስንልዎትስ ምን አሉን?»

«በቃሬዛ የምጫወትበት ጊዜ የለኝም አልኩ።»

«ይኸው! የኛዎቹም ከእናንተ አይሻሉም። ስሙን የማያውቁትን ሰው ለእርዳታ መጥራት ይከብዳል፣ አጎቴ። አብሮ የሠራ ግን ‹ወንድሜ፣ መኪናህን ፈቀቅ አድርግልኝ› ለማለት አያፍርም።»

በጓዶች መኩራት ነውር አይደለም፤ ሰውን ነበልባል ውስጥ የሚያስገባው እሱ ነው። ደጅ ቆሞ መንገድ ሲዘጋ ግን ከእሳቱ ጋር ይወግናል።

ሐኪሙ ወጣ። «ነፍሱ ተርፋለች። እጁን ግን ቆረጥነው፤ ቀደም ብሎ ቢደርስ ይድን ነበር።»

አለቃው ግድግዳውን ተደገፉ። በመጨረሻ ካፖርታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ ጣሉና፣

«የሾፌራችሁ ስም ማን ነው?» አሉ።

ነገረቻቸው። ወደ ግቢው ወርደው ሾፌሩን በስሙ ጠሩት።

ዛሬ ሁለቱ ጣቢያዎች አብረው ይለማመዳሉ፤ በአንድ ሬዲዮም ይነጋገራሉ። ቁስለኛው ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ ይደርሳል፤ እሳት አጥፊውም ዘወር ሲል የሚቀበለው እንዳለ ያውቃል። ነጭ ለባሽ፣ ውሃ ቀጂ መባባሉ አልቀረም፤ ግን አሁን እየተሳሳቁ ነው። ልምምድ በተደረገ ቁጥር ከበሩ አጠገብ ቆሞ መኪናውን «ፈቀቅ! አሁንም ፈቀቅ!» የሚለው ያ ልጅ ነው፤ በቀረችው እጁ እያመለከተ።