የዘገየው አሜን

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የጎባና የሮቤ ወገኖቼ፣ በዚህ ብርድ ከገሰራ የመጣችሁ ዘመዶች፤ ነፍስ ይማር። አፈሩ ከመመለሱ በፊት ስለ ወንድሜ ስለ መምህር ዘመንፈስቅዱስ ጥቂት ልበል። እዚሁ ሰንበት ትምህርት ቤት አብረን አስተምረናል።

ጾም የማያጎድል፣ ኪዳን የማይቀርበት ሰው ነበር። ይህን ታውቃላችሁ። ቁጣውንስ? እሱንም ታውቃላችሁ! «ከዚህ አጥር ውጪ ያለ ሁሉ ጠፍቷል» ሲል ማን ደፍሮ ይመልስለት ነበር?

አንድ ልጁ አዜብ ጴንጤ ሆና ሂካን ስታገባ ሰርጉ ላይ የነበራችሁ አላችሁ። የሂካ አባት ቆመው መረቁ። ቤቱ ሁሉ «አሜን» አለ። የእኛ መምህር? ከንፈሩን ገጠመ። ጋቢውን አፈፍ አድርጎ ወጣ። እንዴት ሰው ምርቃት ይነፍጋል? አዜብ ከዚያ ወዲህ የአባቷን ደጅ አልረገጠችም።

ዘንድሮ ታሞ ሆስፒታል ገባ። አጠገቡ የተኙት አቶ ቶላ የሚባሉ ጴንጤ ሽማግሌ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት «ያ ዋቀዮ»፣ አምላክ ሆይ፣ ብለው በኦሮምኛ ይጸልያሉ፤ እሱንም ስሙን ጠርተው ይጸልዩለታል። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አንድ ጠዋት ብሄድ ሽማግሌው ሕመም ጸንቶባቸው ዝም ብለዋል። ይሄ ሰው ቀና ብሎ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው?

«ኦቦ ቶላ፣ ምነው ዛሬስ ረሱኝ?»

ሳቅን። እሱ ግን አለቀሰ። በደከመ ድምፅ ጸለዩለት። «አሜን» አለ፤ በጆሮዬ ሰማሁ።

ኋላ እጄን ይዞ፣ «አጥሩን ለእግዚአብሔር የሠራሁ መስሎኝ ነበር» አለኝ። «ለካ ፈርቼ ነው። አንድ ጥያቄ ከገባ እምነቴ የሚወጣ መስሎኝ ነው። አዜብን ጥራልኝ። የነፈግኳትን አሜን ልበላት።»

ጠራኋት። መጣችም። ሞት ቀደማት እንጂ።

ዛሬ ጠዋት ልጅቷ እዚያ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ «እግዚአብሔር ያጽናናችሁ» አለችን። እንደ እኛ «ነፍስ ይማር» አላለችም፤ በእነሱ ዘንድ አይባልም። እኛስ? ማን መለሰላት? እኔም ጭምር ዝም አልን። እሱ አልቅሶ የተወውን ዝምታ እኛ አነሣነው።

አዜብ ልጄ፣ ከበሩ ላይ ነይ። አሳልፏት እባካችሁ። ወደ አባትሽ ቅረቢ። በይ፣ ያንኑ ቃል ድገሚልን።

...

አሜን!

ወገኖቼ፣ ከፍ አድርጉት እንጂ! አፈር ሳይለብስ ይስማው። አሜን!

ዘመንፈስቅዱስ ወንድሜ፣ ሰማህ? ያንተው ነው፤ አደረስንልህ። በል እንግዲህ፣ ደህና ሁን።