ውሃ መርዘዋል የተባሉት የወይዘሮ አስካለማርያም በዛብህ ዜና ሕይወት

ከአየር ጤና እስከ አስኮ ሥራችሁን ጥላችሁ እህታችንን ልትሸኙ የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን። ታናሽ ወንድማቸው ተክለሃይማኖት የሚያነበው ይህ የሕይወት ታሪክ የሚያስደስትም የሚያንገበግብም ነገር አለበትና፣ የሚከፋው ሰው ቢኖር ከወዲሁ ይከፋው።

ወይዘሮ አስካለማርያም ከአባታቸው ከአቶ በዛብህ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተጻድቅ በ1936 ዓ.ም. በመንዝ ተወልደው፣ ገና ጡት ሳይጥሉ ወላጆቻቸው መጥተው ኮልፌ ስለ ሰፈሩ ያደጉት እዚሁ ነው። ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ ሴት ልጅ ተምራ የት ልትደርስ የሚለውን ሐሜት አባታቸው ከጆሯቸው ሳያስገቡት እስከ መጨረሻው አስተማሯቸውና ጎንደር ሄደው በጤና አጠባበቅ ሙያ ተመረቁ። በ1960 ዓ.ም. ከመምህር ገመቹ ገሜዳ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

ሥራቸው የከተማውን ምንጭ፣ ጉድጓድና የውሃ ማጠራቀሚያ እየዞሩ ምን ሊያበላሸው እንደሚችል መመርመር ነበር። ከአንዱ ውሃ ዘንድ በደረሱ ቁጥር፣ ይህ ነገ ቢበላሽ ሰዉ ምን ይጠጣል ብለው ሳይጠይቁ አይመለሱም ነበርና የሰፈሩ ሰው እትዬ ክፉ ቀን እያለ ይቀልድባቸው ነበር፤ እርሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ፀረ አብዮተኞች ውሃ ሊመርዙ ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ፣ ቀበሌው ከሳንሱሲ በላይ ከኮረብታው ላይ በተቀበረው የሕዝብ ውሃ ማጠራቀሚያ ዙሪያ ጠመንጃ የያዙ የአብዮት ጥበቃ አባላት አቆመ። ውሃ መጠበቁስ ባልከፋ! ዳሩ ግን ጓዶቹ ከጥበቃ ቦታቸው መራቅ የለባቸውም ተብሎ መጸዳጃቸው እዚያው፣ ግድግዳው ከተሰነጠቀው ማጠራቀሚያ ራስጌ ተቆፈረላቸው። ጉድ በሉ እንግዲህ! ጠላት እንዳይመርዘው የሚጠበቀውን ውሃ ጠባቂው ራሱ ሊበክለው ሆነ።

ወይዘሮ አስካለማርያም ቦታውን አይተው ዝም አላሉም። በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ አደጋው ከውጭ የሚመጣ ሳይሆን ከማጠራቀሚያው ራስጌ ያለ መሆኑን፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ሁሉንም ይዞ በስንጥቁ እንደሚወርድ፣ ስለዚህ መጸዳጃው እንዲነሣ፣ ግድግዳው እንዲጠገንና ለክፉ ቀን የሚሆን ውሃ ከአሁኑ እንዲጠራቀም ለሁሉም በሚገባ ቋንቋ አስረዱ። ሊቀ መንበሩ ግን የአብዮቱን ጠባቂዎች አዋርደሻል፣ ጠላትንም አቃለሻል ብሎ በሕዝብ ፊት ገሥጾ አስቀመጣቸው። የልጅ እናት፣ የተማሩ ሰው፣ እንደ ሕፃን ተቀመጪ ተባሉ!

እርሳቸው ግን ተቀምጠው አልቀሩም። የእድሩ ዳኛ አቶ ገረሱ ዘንድ ሄደው የእድሩን በርሜሎችና ጋኖች ለመኑ። የእድር ዕቃ ለልቅሶ ካልሆነ አይወጣም የሚለው ደንብ የጸና በመሆኑ ሽማግሌዎቹ ብዙ ካንገራገሩ በኋላ፣ ለልቅሶ የገዛነው ዕቃ ልቅሶ እንዳይበዛ ቢያገለግለን ምን ነውር አለው ብለው እርሳቸው ስለ ሞገቷቸው እሺ አሉ። ሴቶቹ ዝናቡ ሳይገባ ንጹሕ ውሃ ሞልተው ከደኑ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው፣ በዚያው በ1969 ዓ.ም. ክረምት ተቅማጥና ትውከት ሰፈሩን አጥለቀለቀው። ወይዘሮ አስካለማርያም ከማጠራቀሚያው የሚወርደውን የቧንቧ ውሃ ማንም እንዳይቀምስ ደጅ ለደጅ እየዞሩ ሲለምኑ፣ ከእድሩ በርሜል የጠጣው ዳነ፤ ማስጠንቀቂያው ሳይደርሰው ከቧንቧው የጠጣው ወገን ግን ሕፃናቱን ቀበረ። ያን ጊዜ ሊቀ መንበሩ ወጥቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? አስቀድማ የተናገረችው ብታውቅ ነው፣ ውሃ ያስቀመጠችውም ልትመርዝ ብትዘጋጅ ነው አለ! አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ማለት ይህ አይደለምን? ሕዝብ ያዳነው በርሜል ማስረጃ ሆኖባቸው፣ ውሃ መራዥ ተብለው ታሰሩ። በቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ሲተኙ፣ ሲገረፉም፣ ኩላሊታቸው የተጎዳው በዚያ ነው። እርሳቸው በእስር ሳሉም ያ መጸዳጃ ድምፁን አጥፍቶ ተደፈነ፤ ማን አስደፈነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ከፍርድ ሳይቀርቡ ዓመታት ቆይተው ሲወጡ የተነገራቸው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ አብዮቱ ምሮሻል ተባሉ። ምሕረት ለበደለ ሰው ነው፤ እርሳቸው ማንን በደሉና? ወደ ሥራቸው ቢመለሱም ከውሃ አጠገብ እንዳይደርሱ ተከልክለው፣ ወረቀት ሲያመላልሱ ኖሩ። ገበያ ሲወጡም ከኋላቸው መራዥዋ እያሉ የሚንሾካሾኩ አልጠፉም። ሕመሙ እየጠናባቸው ሄዶ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ሲያስታምሟቸው ቆይተው፣ በጥር ወር 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወይዘሮ አስካለማርያም ባለቤታቸውን አቶ ገመቹን፣ ልጆቻቸውን ዘመነችን፣ ፀሐዬንና ትርንጎን፣ ወልደው ለመቅበር የበቁትን እናታቸውን ወይዘሮ ወለተጻድቅን፣ ወንድማቸውንም ትተው ሄደዋል። ያን ክረምት ከሞት የተረፉ፣ ዛሬ ጎርምሰው አስከሬናቸውን የተሸከሙ የጎረቤት ልጆችም ቤተ ሰቦቻቸው ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከመካከላችን የቆሙ፣ ያን ክስ በአፋቸው የተናገሩ ሰዎችም አሉ፤ መምጣታቸውን አንነቅፍም፣ ዝምታቸውን ግን አንቀበልም።

እህታችን ለቤተ ሰባቸው የተናዘዙት ነገር፣ በቀብሬ ላይ ምሕረት አግኝታለች እንዳይባል የሚል ነው። እኛም ምሕረትን ከእግዚአብሔር እንለምናለን እንጂ ከቀበሌ አንቀበልም። የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። አሜን ከማለታችሁ አስቀድሞ ግን፣ ከዚያ በርሜል ጠጥታችሁ በሕይወት የቆማችሁ ሁሉ፣ የሚሰማው እንዲሰማ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አብራችሁን በሉ፦ ወይዘሮ አስካለማርያም ውሃውን አልመረዙም።