አማቴ አጠገብ የተቀመጠው ቴፕ

በደርግ ጊዜ፣ እኛ በጎለመስንበት ማለቴ ነው፣ ደብረ ታቦር ላይ ወንድ ልጅ ሁለት ነገር ይፈራ ነበር፤ ዘመቻንና አማቱን። እኔ ሁለቱም ነበሩብኝ። ትስቃለህ? ሳቅ፣ ግድ የለም። ይቺ ባለቤቴም ትስቃለች፣ የገዛ እናቷን ሳማላት።

ታዲያ ቀበሌው ስሜን ለዘመቻ ጽፎታል። ኪነት የገባ ይተርፋል ደግሞ ይባላል። እኔ ማሲንቆ እመታለሁ፣ እዘፍናለሁ፣ በሰርግ በክርስትናው ስዘፍን ቤቱ ይናጥ ነበር። እና ጎንደር ላለው የኪነት ቡድን ሰው ላክሁ፣ እነሱም ድምፅህን በካሴት ላክና እንስማው አሉኝ።

አንድ ጎረቤቴ መምህር ቴፑን አዋሰኝ። ቀይዋን ተጫናት፣ በቃ፣ ሌላ ሥራ የለባትም አለኝ። ታዲያ የሰው ዕቃ ነው፣ መሬት አይቀመጥ ነገር። የት ይቀመጥ? የክብር ቦታ፣ መደቡ ላይ፣ አማቴ እማማ ብርቄ አጠገብ። እሳቸውም አቧራ እንዳይገባበት ብለው በነጠላቸው ጫፍ ሸፈን አደረጉት። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ጀመርሁ። ዝም በሉ ብያለሁ፣ ግን ማን ዝም ይላል? ማሲንቆ እየተመታ ዝም የሚል ዘፋኙን የጠላ ሰው ብቻ ነው። እና እማማ ብርቄ እንደ ልማዳቸው ግጥም ይሰጡኛል፣ እልል ይላሉ፣ እሰይ የኔ ልጅ ይላሉ፣ ደግሞ ግጥም ይሰጡኛል።

መልሰን ብንሰማው ጉድ ነው። እኔ ወንዝ ማዶ ሆኖ ከብት የሚጣራ ሰው መስያለሁ፤ እማማ ብርቄ ግን ጆሮህ ሥር ናቸው። ሌላ ካሴት የለ፣ የጎንደር መኪና ሊወጣ ነው። ያንኑ ላክሁት።

ታዲያ ተጠራሁ! ደስታዬን ተወው። ጎንደር ስደርስ አንዲት ክፍል አስገቡኝ፣ ግድግዳዋ ሁሉ ብርድ ልብስ የለበሰ፣ ብታስነጥስ ድምፅህ እዚያው አፍህ ላይ የሚቀር። የሚቀዳው ሰውዬ ማይኩን ካፌ ስንዝር ላይ አቆመው። ቤት የቀዳሁት ለምን እንዲያ ሆነብኝ ብዬ ጠየቅሁት።

"ቤትህ ቆርቆሮ ነው?" አለኝ።

"ነው።"

"ድምፅህ ጣሪያውንና ግድግዳውን እየመታ ይመለሳል፣ ቴፑ አንተንም ጣሪያውንም አንድ ላይ ቀዳ። ደግሞ የሚሰማው የቀረበውን ነው፤ ዘፋኙ ማን እንደሆነ በምን ያውቃል?"

እሺ ብዬ ዘፈንሁ። ግጥም የሚሰጥ የለ፣ እሰይ የሚል የለ፣ ጣሪያው እንኳ አይመልስልኝ። ከዚያ አሰማኝ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ እና አስቀያሚ ነው። ማነው ይሄ አልሁት። አንተ ነህ አለኝ። ለካ እስከዚያ ቀን ሲዘፍን የኖረው ጣሪያዬና አማቴ ነው! አፈርሁ፣ እውነቴን ነው የምልህ፣ ዘመቻውም ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ሰውዬው ቴፑን አጠፋና፣ "የጠራንህ እኮ ሴትዮዋ ማን እንደሆኑ ልንጠይቅህ ነው" አለኝ።

ቤት ገብቼ ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ምን አማራጭ አለኝ? እማማ ብርቄ ፈትላቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝና፣ "እኔ ባዶውን እልል አልልም። ልጄ ማሲንቆውን ካልመታልኝ አልመጣም ብላለች በላቸው" አሉ።

በቃ፣ እሳቸው ፊት ቆመው፣ እኔ ከኋላ አፌን ዘግቼ ማሲንቆ እየመታሁ፣ ስድስት ዓመት የአማቴ አጃቢ ሆንሁ። ዘመቻው ቀረልኝ፤ አማቴ ግን አልቀሩልኝም። እንዲያም ሆኖ፣ እግዜር ነፍሳቸውን ይማር፣ የተረፍሁት በሳቸው ነው።

ይኸው ባለቤቴ አሁንም ትስቃለች። ለመሆኑ ስልክህ ይሄን ሁሉ ቀድቶልሃል? የት አኖርኸው?

"እማማ አጠገብ ነው፣ አባባ። የክብር ቦታ መስሎኝ።"

በል እንግዲህ፣ ቤትህ ገብተህ የሷን ሳቅ ስትሰማ እደር።