የቃጭሉ ባለቤት

ከነገሌ ወደ ፊልቱ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። አቧራውን ፈርቼ መስኮቴን ዘግቻለሁ። ከኋላዬ አንዲት ሴት አጠገቧ የተቀመጡትን ሽማግሌ ታዋራለች።

«አባባ፣ ጆሮዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«የመስሚያ መሣሪያ ነው፣ ልጄ። ጆሮዬ ውስጥ ቀን ከሌት ይጮህብኝ ነበር።»

«አሁን ተወዎት?»

«ጨርሶ አልተወኝም፤ ይህን ሳደርግ ግን ይርቅልኛል። ያኔ የግመሎቼን ቃጭል መለየት ሲያቅተኝ፣ ወንዱ ልጄ ‹አርጅተዋል፣ ይረፉ› ብሎ መንጋውን ተረከበኝ።»

ትንሽ እንደሄድን ግመሎች መንገዱን ዘጉት፤ ሾፌሩም ሞተሩን አጠፋ።

«ያ ዋቃ! አምላኬ! የእኔ ናቸው!» አሉ ሽማግሌው።

«ከዚህ ሆነው በየት አዩዋቸው?»

«መች አየሁ? እንጨቱን ጠርቤ ቃጭሉን የሠራሁት እኔ ነኝ! ልጄ ከፊት ይሆናል፤ ‹አባትህ ሰማ› በሉልኝ።»

መስኮቴን እስከ ጥግ ከፈትኩት።