ሳይታይ የተፈረደበት ፊልም

ዝናብ የማያስፈርሰው መሐላ የለም። ጋሽ መቀስን "ዳግመኛ እግሬ አይረግጠውም" ብለው ከማሉበት ሲኒማ ቤት በረንዳ ሥር ያቆማቸው ዝናብ ነው። የጋዜጣው ቢሮ ከመንገዱ ማዶ ይታያል፤ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። በኮታቸው የውስጥ ኪስ ደግሞ "አንድ ትልቅ ዳይሬክተር ለገበያ ሲሞት" የሚል የአራት ገጽ ደብዳቤ አለ።

ጋሽ መቀስ ዕድሜ ልካቸውን ፊልም ሲቆርጡና ሲቀጥሉ የኖሩ ኤዲተር ናቸው፤ ቅጽል ስሙም የወጣላቸው ከዚያ ነው። ያ ዳይሬክተር የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊልሞች የጨረሰው ከእሳቸው ጋር፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ ነው። ኋላ ኮሜዲ ሲጀምር ተኳረፉ። ይኸው ስምንት ዓመት ሆናቸው፤ አንዱ የሌላውን ደጅ አልረገጠም። ደብዳቤው ከታተመ ደግሞ እርቅ የሚባል ነገር አይታሰብም። ጋሽ መቀስ ይህን ስለሚያውቁ ከጠዋት ጀምሮ ልባቸው አልረጋም።

"ጋሼ! እርስዎም መጡ?" አለቻቸው አንዲት ወጣት ከኋላቸው። የጎረቤታቸው ልጅ፣ መምህርቷ ናት፤ በእጇ የዚያን ዳይሬክተር አዲስ ኮሜዲ ሁለት ትኬት ይዛለች።

"ኧረ ዝናቡን እየጠበቅሁ ነው! ይኼን ደብዳቤ ለጋዜጣው ላደርስ ነው የወጣሁት። ሰውዬሽን ልክ ልኩን ነግሬዋለሁ።"

"ምን አደረገዎት?"

"እኔንማ ምንም። ጥበብን ነው ያዋረደው። ድሮ ሰውን ያሳስብ ነበር፤ አሁን ሰው መኮርኮር ሆነ ሥራው። ፖስተሩን አላየሽም? ሰውዬው አፉን በርግዶ!"

"ፊልሙንስ አይተውታል?"

ጋሽ መቀስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሰልፉን ማየት ይበቃል። ጥሩ ነገር እንዲህ አያሰልፍም።"

አንባቢ ሆይ፣ የተማረ ሰው ሲሳሳት እንዲህ ነው፤ ስህተቱን አሳምሮ ስለሚናገር ራሱም ያምነዋል።

"አይቆጡኝና ጋሼ፣ ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይባላል" አለች መምህርቷ። "የመጀመሪያው ፊልማችሁ የታየ ቀን ስንት ሰው ገባ?"

"አሥራ አንድ" አሉ ሳያቅማሙ። "ሁለቱ ተኝተዋል።"

"እናቴ ያኔ አባቴ ሞቶባት ገበያ ላይ ሽንኩርት ትሸጥ ነበር፤ ስለዚያ ፊልም ወሬውንም አልሰማች። ይኼን ግን ሦስቴ አይታዋለች። ዛሬም ጉልበቷን ባያማት አራተኛዋ ነበር። ጥበብ አይገባትም ነው የሚሉኝ?"

"እናትሽንማ ምን በወጣኝ! ገንዘብ አየና ተለወጠ ነው የምልሽ። ያለፈው ዓመት ፊልሙ ከመሯሯጥ በቀር ምን ነበረው?"

"እሱስ ፊልምም አይባል" ብላ ሳቀች። "እኔም መሃል ላይ ጥዬው ወጥቻለሁ። አንድ ሥራ ተበላሸ ተብሎ ግን ሰውዬው አለቀለት ይባላል? እኔ ተማሪዎቼን ካላሳቅኋቸው አይሰሙኝም። ስለሳቁ ግን ሒሳቡን አላቀልላቸውም። ይግቡና ይዩት። ከጠሉት ደብዳቤውን ነገ በጠዋት እኔው ራሴ አደርስልዎታለሁ።"

ጋሽ መቀስ ሰዓታቸውን አዩ፤ ዝናቡን አዩ፤ ከዚያ ተከትለዋት ገቡ።

ክንዳቸውን አጣምረው ተቀመጡ። በስክሪኑ ላይ አንድ ጉረኛ ዘበኛ ሰፈሩን ያምሳል፤ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። አንዴ እሳቸውንም ሳቅ አመለጣቸውና በሳል ሸፈኑት።

ከዚያ ዘበኛው ቤቱ ገባ። ሚስቱ ሞታለች፤ የሸሚዙ ቁልፍ ተበጥሷል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መርፌና ክር አነሣ። ሙዚቃው ቆመ። ክሩን ሞከረ፤ አልገባም። በምራቁ አረጠበው፤ አልገባም።

ጋሽ መቀስ ደነገጡ። ይህችን መርፌ ያውቋታል! በመጀመሪያው ፊልም ባሏ የሞተባት ሴት እንዲሁ ክር ለማስገባት ስትታገል ነበር። "ሰው ይሰለቻል፣ እንቁረጠው" ያሉት እሳቸው ነበሩ፤ "አይቆረጥም!" ብሎ ሙጭጭ ያለው ዳይሬክተሩ ነበር።

እንደ ልማዳቸው በአውራ ጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ሴኮንድ ቆጠሩ። "አምስት ላይ ይቆርጠዋል" አሉ በሆዳቸው። አሥር ሞላ። ሠላሳ። ስልሳ። ስምንት መቶ ሰው ትንፋሹን ዋጠ፤ ከኋላ ለውዝ ሲቆረጥም የነበረው እንኳ አቆመ። ዘጠና ላይ ክሩ ገባ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ጋሽ መቀስም አለቀሱ፤ ደስ ብሏቸው አለቀሱ።

ሲወጡ ዝናቡ አባርቷል።

"እሺ ጋሼ፣ ደብዳቤውን ልቀበልዎት?"

"የምን ደብዳቤ!" አሉ። ከኪሳቸው የማትለየውን ትንሽ መቀስ አውጥተው አራቱንም ገጽ ቆራረጡና ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨመሩት። "ልጄ፣ ያችው መርፌ ናት። ያኔ ለአሥራ አንድ ሰው፣ ዛሬ ለስምንት መቶ። እኔ ሞተ ያልኩት ጥበብ ለካ ሰው አግኝቷል።"

እውነትም ነው። ሳቁ በሩን ባይከፍት ያን ዝምታ ማን ገብቶ ያየው ነበር? ተመልካች አጥቶ መጋዘን ሊሆን የነበረው አዳራሽ መብራቱ በርቷል፤ ሽንኩርት ሻጯም የራሷን ሐዘን ስክሪን ላይ አይታለች፤ ፊልም ሠሪውም ለሚቀጥለው ሥራው ደጅ አይጠናም። ጥበብ የሚሞተው ጥበበኛው መርፌውን ሲጥል ነው፤ ሰው በመብዛቱ አይሞትም።

ጋሽ መቀስ ስልካቸውን አውጥተው፣ ስምንት ዓመት ያልረሱትን ቁጥር በቃላቸው መቱ።

"ሃሎ?"

"አልቆረጥከውም" አሉ፣ ሰላምታም ሳያስቀድሙ።

"ቆጠርክ?" አለ ዳይሬክተሩ።

"ዘጠና።"

"ዘጠና ሁለት ነው። አርጅተሃል አንተ ሰው!"

ጋሽ መቀስ መንገድ መሃል ቆመው እንደ ልጅ ሳቁ። "እንግዲያው መጥቼ ደግሜ ልቁጠረው" አሉ። "መቼ ልምጣ?"