ማሽተት የተከለከልሁ ጊዜ

በደርግ ጊዜ ባሌ አብደራፊ በሚባለው የቆላ አገር፣ የመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር ነጂ ነበር። አረቄ ሳይቀምስ ቤቱ አይገባም፤ እኔም ማታ ማታ በር ላይ ቆሜ አፉን ሳላሸት አላስገባውም። እሱ አልጠጣሁም ብሎ ይምላል፣ እኔ አሸታለሁ፣ ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ ጠባችንን ይሰማል። አንድ ቀን ስካሩ ሳይለቀው ያልታጨደ ሰሊጥ ላይ ትራክተሩን ቢነዳበት፣ አለቃው ክሊኒክ ላከው። እዚያ በሽተኛ የሚያክመው ድሬሰር ግን መርፌ አልወጋውም። "ሚስትህን ይዘህ ና" አለው።

ስንሄድ ጎን ለጎን አስቀመጠን። "አንተ ማታ ስትገባ ሳትጠየቅ እውነቱን ንገራት። አንቺ ደግሞ ማሽተቱን ተይውና፣ ሲነግርሽ እግዜር ይስጥልኝ በዪው።" እኔማ ተናደድሁ። ጠጪው እሱ፣ መድኃኒት የሚታዘዘው ለኔ።

"ለዚህ ነው ሥራዬን ትቼ የመጣሁት?" አልሁት።

"ለዚህ ነው እህቴ" አለኝ፣ ሳይቆጣ።

ጥቂት ጊዜ ደህና ሰነበትን። "ዛሬ አልጠጣሁም" ይለኛል፤ እኔም አፍንጫዬ ወደ እሱ እየሳበኝ "እግዜር ይስጥልኝ" እላለሁ። አንድ ማታ ግን ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። "ዛሬ ጠጥቻለሁ" አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ። ስድቡ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያን ሁሉ ዘመን ሲምልልኝ የኖረ ሰው፣ ሳልጠይቀው እውነቱን ነገረኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አልሁት። "ግባ፣ እራትህን ብላ።"

እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ። በማግስቱ ተያይዘን ክሊኒክ ሄድን፤ እያደርም መጠጡን ተወው። ያን ድሬሰር ባለበት እግዜር ይስጠው። እኔ ባሌን ያገኘሁት የጠጣ ቀን ነው።