ገና ላልተደረገው የገባ ስለት

እስቲ ይቺን ስሙኝ። በንግሥ ዕለት፣ እዚሁ ጣና ዳር ካለችው ቤተ ክርስቲያናችን፣ ማይክ ይዤ ስለት እቀበላለሁ። ባለስለቱ የተደረገለትን ይነግረኛል፣ እኔ ለሕዝቡ አሰማለሁ፣ ሕዝቡ እልል ይላል። በመሀል እማማ የሻረግ የሚባሉ ከመሸንቲ ከተማ የመጡ እናት ለታቦት የሚሆን አዲስ ዘርፋም ጃንጥላ ታቅፈው ቀረቡ።

«ልጄ መውለድ አቅቷት ተስዬ ነው» አሉኝ።

«እሰይ! ወንድ ነው ሴት?» አልኋቸው።

«ገና ነው።»

«ገና አልወለደችም?»

«ኧረ ገና አላረገዘችም!»

አጠገባቸው የቆመችው ልጃቸው ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም ግራ ገባኝና ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ «እማማ፣ ስለት እኮ የሚገባው ከተደረገልዎ በኋላ ነው። እግዜር ቃሉን የሚረሳ መሰለዎት እንዴ?» አልኋቸው።

«እሱንማ አምነዋለሁ፤ እሰጣለሁ ካለ ይሰጣል። የማላምነው ራሴን ነው። የልጅ ልጄን ያቀፍሁ ለት ጃንጥላ ትዝ የሚለኝ ይመስልሃል?»

ለካ ማይኩ አልተዘጋም ኖሯል! ሕዝቡ አውካካ። ከሳቁ መሀል አንዲት ሴት እልል ስትል ሌሎቹ ተከተሏት፤ ወልደው ስመው ለመጡት እንኳ እንደዚያ እልል አልተባለም። ልጅቱም ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ሳቀች።

እማማ የሻረግ ግን አልሳቁም። ጃንጥላውን አስረከቡኝና ወደ ሰማይ ቀና ብለው፣ «በል እንግዲህ ጌታዬ» አሉ፤ «ስለቱም ገብቷል፣ እልልታውም ገብቷል። የቀረው ያንተው ብቻ ነው።»